ጥርስ ያጣ ዜማ

የፎገራ ሜዳ በነሐሴ ሜዳ አይባልም። የርብና የጉማራ ወንዞች ከደጋ ያመጡትን ውኃ ይደፉበታል፤ ጣና ከወዲያ እየሰፋ ይመጣል፤ ሩዙ ጫፉን ብቻ አውጥቶ ይቆማል። ከብቱ ወደ ጉብታው ይወጣል፣ ሰውም ጎረቤቱን ለመጠየቅ ታንኳ ይለምናል። መሪጌታ ባምላክን የጥርስ ሕመም የጣላቸው እንዲህ ባለው ሰሞን ነበር፤ ወደ ወረታ የሚያወጣው መንገድ ከውኃ ሥር ሆኖ፣ ባጃጅ ከአስፋልቱ ወዲህ ማለፍ ባቃተው ጊዜ።

መሪጌታ በርብ ዳር ባለችው የማርያም ቤተ ክርስቲያን የዜማ መምህር ናቸው። አባታቸው ከብት አርቢ ነበሩ፤ እሳቸው ግን ድምፃቸው ገና በልጅነታቸው ስለታወቀ ለቤተ ክርስቲያን ተሰጡ። አገር ለአገር ዞረው፣ ከየመምህሩ እግር ሥር ተቀምጠው፣ ዜማውን አጠናቀው ሲመለሱ የሜዳው ሰው የሚኮራበት ሰው ሆኑ። በጣራ ገዳም በዓል ሲውል እንኳ እሳቸውን በክብር ይጠሯቸው ነበር። ድምፃቸው ትልቅ ነው፤ ነገር ግን በድምፃቸው አይመኩም። የሚመኩት በፊደላቸው ነው። ተማሪዎቻቸውን ሁልጊዜ የሚሏቸው አንድ ነገር ነበር፦ "ድምፅ እግዜር የሰጠህ ነው፣ ምን ትኮራበታለህ! ፊደሉን ግን አንተ ነህ የምታጠራው። ፊደል የዋጠ ሰው እኔ ዘንድ አልተማረም።" እውነትም በሩቅ ያለ ሰው፣ በሽንኩርት ማሳው ውስጥ እንዳጎነበሰ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ የሚመጣውን ዜማ ሰምቶ እያንዳንዱን ፊደል ለይቶ ያውቀው ነበር።

የታመመው ከላይ በኩል ያለው የግራ ክራንቻቸው ነው። በመጀመሪያው ቀን ቅርንፉድ ያዙበት። በማግሥቱ ነጭ ሽንኩርት ወቅጠው ለጠፉበት። ባለቤታቸው ውባንቺ "ትል ገብቶበት ይሆናል" ብላ የእምቧይ ፍሬ በፍም ላይ ጥላ ጭሱን በአፋቸው እንዲቀበሉ አደረገች፤ ትሉ ቀርቶ ዕንባቸው ወረደ። ከዚያ በኋላ እህል መቅመስም መተኛትም ተዉ። ጉንጫቸውን በነጠላ አስረው ከወዲያ ወዲህ ሲንጎራደዱ ውባንቺ አንጀቷ አልችል አለና ጎረቤት ልካ ወጌሻውን ገብረማርያምን በታንኳ አስመጣችው።

ገብረማርያም ክፉ ሰው አይደለም። የተሰበረ እጅና እግር በማሰር በሜዳው ላይ እሱን የሚያህል የለም፤ መሪጌታም አብሮ አደጋቸው ነው። ጥርስ መንቀልን ግን ማንም አላስተማረውም። ሌላ የሚነቅል ስለጠፋ፣ እጁም ብርቱ ስለሆነ፣ ሰዉ ራሱ ነው ጥርስ ነቃይ ያደረገው። መሣሪያው ከአንድ ቀጥቃጭ የተቀበለው ጉጠት ነበር። ጉጠቱን በእሳት አሳይቶ፣ በጋቢው ጫፍ ጠርጎ፣ መሪጌታን በርጩማ ላይ አስቀመጣቸው።

"አረቄ ጎንጨት በልበት፣ ያፈዘዋል።"

"አልጠጣም። ይልቅ ቶሎ በል።"

"እንግዲያስ ያዙት!" አለ ገብረማርያም። ሁለት ጎረምሶች ከኋላ ትከሻና ራሳቸውን ጨምድደው ያዟቸው። ጉጠቱ ገባ። ገብረማርያም አንድ ጊዜ ወደ ግራ፣ አንድ ጊዜ ወደ ቀኝ ወዘወዘና ሳበ። የደረቀ ዕንጨት ሲሰበር የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ተሰማ። ጉጠቱ ይዞት የወጣው ግን የጥርሱን ግማሽ ብቻ ነበር።

"ተሰበረብኝ! ትንሽ ታገሠኝ፣ ሥሩን ላግኘው።"

ገብረማርያም እንደገና ገባ፤ በዚህ ጊዜ ሥሩን ለመፈንቀል ጉጠቱን በፊት ጥርሶቻቸው ላይ አስደግፎ በሙሉ ጉልበቱ ተጫነ። ጉጠቱ አዳለጠ። መሪጌታ ጮኹ፤ ጎረምሶቹም ደንግጠው ለቀቋቸው። እሳቸው ወደ ፊት ሲደፉ ሁለቱ የላይኛው የፊት ጥርሶቻቸው ከደሙ ጋር መሬት ላይ ወደቁ። የክራንቻው ሥር ግን ከነበረበት አልተነቃነቀም።

ገብረማርያም ጉጠቱን ጥሎ እጁን በራሱ ላይ ጫነ። "ማርያምን! ምን አደረግሁህ፣ ባምላክ? እጄን ምነው በሰበረው!"

መሪጌታ አፋቸውን በጨው ውኃ እየተጉመጠመጡ በእጃቸው ምልክት ሰጡት፤ "ተወው፣ አልተቀየምሁም" ማለታቸው ነበር። እውነትም አልተቀየሙትም። የመጣው ለእርዳታ መሆኑን ያውቃሉ።

ውኃው ሲጎድል ውባንቺ ወንዛዬ ወደሚባለው ፍል ውኃ ወሰደቻቸው፤ እዚያም ሰነበቱ። ሰውነታቸው ተፍታታ፣ እብጠቱም ጎደለ፤ ሕመሙም ብልጭ ድርግም እያለ ቢቆይም ቻሉት። መስቀል አልፎ ተማሪዎቹ ከየአገራቸው ሲሰበሰቡ መሪጌታ ወደ ጉባኤያቸው ተመለሱ። በሚያስተምሩበት ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አፋቸውን በነጠላ ጫፍ ሸፈን አድርገው ማስተማር ጀመሩ። ድምፃቸው እንደ ድሮው ነው። በጥርሶቻቸው ክፍተት ነፋስ ሾልኮ እንደሚወጣ ይሰማቸዋል፤ ቢሆንም ለሌላ ሰው የሚታወቅ አልመሰላቸውም።

ያወቁት አዲስ ተማሪዎች ዜማ ጀምረው መምህሩን እየተከተሉ እየቀጸሉ ባሉበት አንድ ረፋድ ላይ ነው። ዜማ በቃል ነው የሚተላለፈው፤ መምህሩ ያወጣውን ተማሪው እንዳለ ይቀበላል። መሪጌታ ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጡ ነበር። ጢሙ ገና ያቆጠቆጠ ሰውመሆን የሚባል ወጣት ተራው ደርሶ ቀጸለ። ድምፁ ያማረ ነው። ነገር ግን "ሥላሴ" ማለት ሲገባው "ሽላሼ" አለ። ወረድ ብሎ ደግሞ "ጸሎት" የሚለውን "ጨሎት" አለው።

መሪጌታ ዓይናቸውን ገለጡ። "ምን አልህ አንተ?"

ሰውመሆን ደነገጠና ደገመው፤ ያው "ሽላሼ" ነው።

"በእኔ ላይ ትቀልዳለህ?" ብለው መቋሚያቸውን አነሡ።

ልጁ እግራቸው ላይ ወደቀ። "የኔታ፣ በማርያም ይሁንብኝ! እንደ ሰጡኝ ነው ያልሁት። እንደ እርስዎ ነው ያልሁት!"

መሪጌታ ወደ ሌሎቹ ዞሩ። "አንተስ? በል።" ሁለተኛውም "ሽላሼ" አለ። ሦስተኛውም። ከሩቅ አገር፣ ቋንቋው ለየት ካለበት የመጣው እንኳ ያንኑ አለ። ማንም አልሳቀም። ተማሪዎቹ መምህራቸው የሰጧቸውን በጥንቃቄ፣ ነቁጥ ሳያጎድሉ ይዘውት ነበር። መቋሚያቸው ቀስ ብሎ ወረደ።

የዚያን ቀን ከሰዓት በኋላ የቀድሞ ተማሪያቸው የነበረውን መሪጌታ ደብረወርቅን ጠርተው ጉባኤውን አስረከቡት። "እኔ ከዚህ በላይ ባስተምር የአገሩን ዜማ ሁሉ አበላሸዋለሁ" አሉት። ደብረወርቅ ለመናቸው፣ አለቀሰም፤ እሺ አላሉም።

ከዚያ ወዲያ ያለው ዘመን ለመሪጌታ ዝምታ ሆነ። ውባንቺን በሩዙ ማሳ ያግዟታል፤ ያርማሉ፣ ያጭዳሉ፣ ይወቃሉ። ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ከቆመው ሕዝብ ኋላ ዓምድ ተደግፈው ይቆማሉ። ማኅሌቱ ሲጋጋል ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ድምፅ ግን አያወጡም። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ከንግግራቸው ውስጥ "ሰ" ያለበትን ቃል ሁሉ መሸሽ መጀመራቸው ነበር። "ሰላም ነው ወይ?" ሲሏቸው "ደኅና" ብለው ያልፋሉ። ሰውመሆንን "አንተ ልጅ" ብለው ይጠሩታል። ሰኞን "ከእሑድ በኋላ ያለው ቀን" ይሉታል። ውባንቺ መጀመሪያ አላስተዋለችም፤ ስታስተውል ግን ወደ ጓዳ ገብታ አለቀሰች።

ሕመሙ ተመልሶ የመጣው ከዓመታት በኋላ፣ በአንድ የሩዝ አጨዳ ወቅት ነው። ያ የተቀበረው ሥር ከውስጥ ሲመግል ኖሮ ኖሮ አንድ ቀን ፈነዳ። ጠዋት ሲነሡ ግራ ጉንጫቸው አብጦ ዓይናቸውን ሸፍኖታል፤ ገላቸው እንደ ምድጃ ይጋላል። መሪጌታ በቀሩት ጥርሶቻቸው መሐል እንዲህ አሉ፦

"ገብረማርያምን ጥሩልኝ። ብረት አግሎ ያቃጥልልኝና ይገላግለኝ።"

ውባንቺ ባሏን በትዳር ዘመኗ ሁሉ "እርስዎ" እንጂ "አንተ" ብላ አታውቅም። በዚያች ጠዋት ግን መቀነቷን አጥብቃ አሰረችና ከፊታቸው ቆመች።

"አንተ ባምላክ! ስማኝ! ጉጠትም ብረትም የሚባል ነገር ከዚህ ቤት ደጃፍ አይደርስም። መንገዱ ደርቋል፤ ባጃጅ ይመጣል። ወረታ እንሄዳለን። አልሄድም ብትል የጎረቤት ጎረምሶችን አስይዤ አስጭንሃለሁ!"

መሪጌታ በአንድ ዓይናቸው አዩዋት። ሌላ ጊዜ ቢሆን ይቆጡ ነበር። "እ...ሺ" አሉ።

ወረታ ያገኟቸው የጤና ባለሙያ አፋቸውን በመብራት አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ። መርፌ ወግተው፣ መድኃኒት ሰጥተው "ይህ መግሉን ይቀንሳል፤ ውስጡን ግን ራጅ አንሥቶ የሚያይ የጥርስ ሐኪም ያስፈልገዋል፤ ባሕር ዳር ይሂዱ። ብትዘገዩ ወደ ደም ይገባ ነበር" አሏቸው። መድኃኒቱ ትኩሳቱን ሲያበርድላቸው ባልና ሚስት በሚኒባስ ተሳፍረው ባሕር ዳር ገቡ።

የጥርስ ሐኪሟ ዶክተር ሰርክ ትባላለች። ወጣት ናት፤ መሪጌታ መጀመሪያ ሲያዩዋት "ይህቺ ነች ጥርስ የምትነቅል? የእጇ ውፍረት የገብረማርያምን አውራ ጣት አያህልም" ብለው በልባቸው አሰቡ። ወንበሩ እንደ አልጋ ተዘረጋ፤ ከራሳቸው በላይ መብራት በራ። እሳቸው ግን ሁለቱን ጎረምሶች ይፈልጉ ነበር፤ በየበሩ ዓይናቸው ዞረ።

"ምን እየፈለጉ ነው አባቴ?"

"የሚይዙኝን።"

"ማንም አይይዝዎትም። ራስዎን ይዘው ይቀመጡ፤ ያ ብቻ ይበቃል" አለችና ፈገግ አለች።

በመጀመሪያ አንዲት ትንሽ ነገር አፋቸው ውስጥ ይዛ የራጅ ምስል አነሣች። ምስሉ ወዲያው በፊታቸው ባለው ስክሪን ላይ ብቅ አለ። መሪጌታ የገዛ አጥንታቸውን በሕይወት ሳሉ አዩ። አማተቡ።

"ይህቺ ነጯ የክራንቻዎ ሥር ነች" አለች ሐኪሟ በእርሳስ ጫፍ እያመለከተች። "ላይዋ ተሰብሮ እሷ እስከ ዛሬ ተቀምጣለች። ይሄ ዙሪያዋን የከበበው ጥቁሩ ደግሞ መግል የበላው አጥንት ነው። ሲያሠቃይዎት የኖረው ይሄ ነው።"

"የት እንዳለች ከውጭ ሆኖ ማየት ይቻላል ማለት ነው?"

"አዎ። የት እንዳለች፣ ወዴት እንደ ዞረች፣ ምን ያህል እንደምትረዝም። በጨለማ አንገባም።"

ከዚያ ማደንዘዣውን ወጋቻቸው። መርፌው ትንሽ ቆነጠጣቸው፤ ወዲያው ጉንጫቸው የራሳቸው ያልሆነ ያህል ከበደ። መሪጌታ የወንበሩን እጀታ ጨምድደው ዓይናቸውን ጨፍነው ጸሎታቸውን በልባቸው ጀመሩ። አፋቸው ውስጥ ይነካካል፤ ይገፋል፤ ውኃ ይረጫል፤ የሆነ ነገር ይመጠምጣል። ጸሎቱን ጨርሰው ደገሙት። አሁን ይመጣል፣ አሁን ይመጣል እያሉ ሕመሙን ጠበቁት። ሕመሙ ቀረ። በመጨረሻ መታገሥ አቃታቸውና ዓይናቸውን ገለጡ።

"ልጄ፣ መቼ ነው የምትጀምሪው?"

"ጨርሻለሁ እኮ አባቴ። እየሰፋሁ ነው።"

በሚያብረቀርቅ ሳሕን ላይ የተቀመጠችውን ሥር አሳየቻቸው። ቆልመም ያለች፣ ጫፏ የጠቆረች ትንሽ ነገር ነች። መሪጌታ ሲያዩዋት ቆዩ። የሁለቱ ጎረምሶች ክንድ፣ የጉጠቱ ድምፅ፣ መሬት ላይ የወደቁት ጥርሶቻቸው፣ ከዚያ በኋላ ያለው የዝምታ ዘመን ሁሉ የዚህች ነገር ዕዳ ነበር። ዕንባቸው ግጥም አለ። ሐኪሟ ያመማቸው መስሏት ደነገጠች።

"አላመመኝም" አሉ እጃቸውን እያወናጨፉ፤ "አላመመኝም፤ ለዚያ ነው ዕንባዬ የመጣው።"

ቁስሉ ሲሽር ለምርመራ ተመለሱ። ዶክተር ሰርክ ድዳቸውን አይታ ተደሰተችና "አሁን የጎደሉትን እንተካለን። ሰው ሠራሽ ጥርስ እሠራልዎታለሁ" አለቻቸው። መሪጌታ ሳይወስኑ ወደ ቤታቸው ሄዱ።

ነገሩ ከብዷቸው ነበር። ያ ጥርስ ከምን ይሠራል? ከሞተ ሰው ቢሆንስ? ከአውሬ ቢሆንስ? እሱን በአፍ ይዞ ማኅሌት መቆም፣ ቅዱስ ቁርባን መቀበል ይቻላል? ማታ ማታ ከውባንቺ ጋር ሲጨቃጨቁ ሰነበቱና ወደ አጥቢያው አስተዳዳሪ ወደ አለቃ ኃይለ ሚካኤል ሄዱ። አለቃ ሽማግሌ ናቸው፤ ወፍራም መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አድርገው ሰሟቸው። ሰምተው ሲጨርሱ መነጽራቸውን አውልቀው በመሪጌታ እጅ ላይ አኖሩት።

"ይህ ከምን የተሠራ ነው?"

"ከብርጭቆ ይሆናል አባ።"

"ከየት መጣ?"

"እኔ እንጃ።"

"እኔም እንጃ። እሱን አድርጌ ወንጌል ሳነብ ግን አንድ ቀን 'አለቃ፣ ያ ያልተባረከ ዓይን ነው' ብለኸኝ ታውቃለህ?" አለቃ መነጽራቸውን ተቀብለው መልሰው አጠለቁ። "ሂድ አንተ ሰው። ከምን እንደሚሠራ ሐኪሟን ጠይቃት፤ ንጹሕ ነገር ከሆነ አስገባው። እመቤታችን ያንተን ድምፅ ነው የምትፈልገው ወይስ ድድህን?"

ዶክተር ሰርክ ስትጠየቅ ሳቀች። ከአጥንት እንዳልሆነ፣ ከሰውም ከአውሬም እንዳልመጣ፣ ለዚሁ ተብሎ ከተዘጋጀ ነገር እንደሚሠራ አስረዳቻቸው። ከዚያ እንደ ቡኮ የለሰለሰ ነገር በአፋቸው ነክሰው እንዲይዙ አደረገች፤ ሲወጣ የአፋቸው ቅርጽ ታትሞበት ነበር። በሚቀጥለው ቀጠሮ ጥርሶቹ በሰም ላይ ተደርድረው ደረሱ።

"ይህ መለኪያ ነው፤ ገና አልጸናም" አለች። "ያልተመቸ ነገር ካለ አሁን ነው የምናስተካክለው። በሉ፣ ስድሳ ስድስት ይበሉኝ።"

መሪጌታ አፋቸውን ገጠሙ። በዚያ ሁሉ ዘመን ሲሸሹት የኖሩት ፊደል ተሰብስቦ በአንድ ቁጥር ውስጥ መጣባቸው። ውባንቺ ከጥግ ወንበር ላይ ሆና እጆቿን አቆላልፋ ታያቸዋለች።

"ምነው አባቴ፣ አመመዎት?"

"አይ። ሌላ ቁጥር የለም?"

"ለሁሉም ሰው የምለው ይህንኑ ነው፤ ፊደሉ ጥርሱ ልክ መሆኑን ይነግረኛል" አለች ዶክተሯ። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ "አባቴ የአቋቋም መምህር ነበሩ፤ እርስዎ ምን እንደ ሆኑ ገና ስትገቡ ነው ያወቅሁት። እዚህ የሚሰማዎት እኛ ብቻ ነን" አለቻቸው።

መሪጌታ በረጅሙ ተነፈሱ። "ስድሳ ስድስት።"

ጥርት ብሎ ወጣ። ውባንቺ "እሰይ!" ብላ ከወንበሯ ተነሣች። መሪጌታ ራሳቸው አላመኑም። "ስድሳ ስድስት" ደገሙ። "ሰላም። ሰኞ። ሥላሴ።" ከዚያ "ጸሎት" አሉና ፊታቸው ተቀየረ፤ ጫፉ ላይ ትንሽ ፉጨት ነበረች።

"ሰማኋት" አለች ዶክተር ሰርክ። ጥርሶቹን ተቀብላ አንዷን በሰሙ ላይ በጣም በትንሹ ወደ ኋላ ገፋች፤ መለሰችላቸው። "ጸሎት።" ፉጨቷ ቀነሰች። እንደገና አወጣች፣ እንደገና ነካካች። "ጸሎት።" ፉጨቷ ጠፋች።

"አሁን ያዜሙልኝ" አለች፤ "ስናወራና ስናዜም አፋችን እኩል አይከፈትም። ዜማው ላይ ካልያዘልኝ አልጨረስሁም።"

መሪጌታ ተኝተው አላዜሙም። ከወንበሩ ወርደው፣ ነጠላቸውን አመሳቅለው፣ ወደ ምሥራቅ ዞረው ቆሙ። "ሃሌ ሉያ" ብለው በዝግታ ጀመሩና በግእዝ ዜማ ወረዱ፤ ከዚያ በአራራይ ወጡ። ድምፃቸው በዚያች ጠባብ ክፍል አልበቃ ብሎ ኮሪደሩን ሞላው። ወረፋ የሚጠብቁት ሰዎች ጉንጫቸውን እንደ ያዙ ወደ በሩ መጡ። አንዲት እናት እልል አለች። ዶክተር ሰርክ የእጅ ጓንቷን እንዳጠለቀች ቆማ ቀረች። መሪጌታ ግን ከሁሉ በላይ የሰሙት የራሳቸውን ፊደል ነበር፤ እያንዳንዱ ለብቻው፣ አንዱም ሳይዋጥ።

የጸናው ጥርስ የተሰጣቸው ከጥምቀት በፊት ነው። ለማጠብ ይወልቃል፤ ይህንን ለውባንቺ መንገር ረስተው ኖሮ በማግሥቱ ጠዋት በብርጭቆ ውኃ ውስጥ ሦስት ጥርስ አይታ ጮኸች፤ ጎረቤት ተሰበሰበ፤ ነገሩ ሲታወቅ ሜዳው ሁሉ ሳቀ። ገብረማርያምም ይህን ሰምቶ መጣ። ከደጅ ቆሞ መግባት ፈራ።

"ግባ እንጂ ገብሬ" አሉት መሪጌታ።

"አሳየኝ ባምላክ።"

መሪጌታ አፋቸውን ከፈቱለት። ገብረማርያም ራሱን ዘንበል አድርጎ፣ አንዴ ከላይ አንዴ ከታች፣ ሲመረምር ቆየ። "ሕመም አልነበረውም?" አለ በመጨረሻ። "እንደ ትንኝ" አሉት። ወጌሻው ተቀምጦ ፊቱን በእጁ ሸፈነ፤ ከዚያ ቀና ሲል ፊቱ በርቷል። "እኔ ከእንግዲህ አጥንት ብቻ ነው የማስረው። ጥርስ ያመመው ሰው እኔ ዘንድ ሲመጣ፣ እጁን ይዤ ወረታ አደርሰዋለሁ። ብቻ አንተ እንዲህ ሆነህ አየሁህ፤ እግዜር ይመስገን።" ሁለቱም ተቃቅፈው ብዙ ቆዩ።

ጥር ሃያ አንድ የማርያም ንግሥ ነው። ሩዙ ተሰብስቧል፤ ሜዳው ደርቆ ለእግር ተመችቷል፤ ከወረታም ከየመንደሩም ሰው በባጃጅ፣ በእግር፣ በጋሪ ጎርፏል። ረፋዱ ላይ ታቦቱ በእልልታ ወጥቶ ቤተ ክርስቲያኑን ዞረና በሰፊው መስክ ላይ ቆመ። ካህናቱ በሁለት ረድፍ ተሰለፉ፤ ጸናጽሉ ተሰማ፤ ከበሮው ተነሣ። መሪጌታ እንደ ልማዳቸው ከሕዝቡ ኋላ ቆመው ነበር። ደብረወርቅ ግን ዓይኑ ሲፈልጋቸው ቆይቶ ነበርና ሰዉን እየከፈለ መጣ፤ የራሱን መቋሚያና ጸናጽል አወጣና በሁለት እጁ አቀረበላቸው።

"የኔታ፣ ያንሡልን።"

"ደብረወርቅ፣ ዛሬ ያንተ ነው።"

"እርስዎ እዚህ ቆመው እኔ ካነሣሁ እመቤቴ ትታዘበኛለች።"

መሪጌታ ተቀበሉ። በሁለቱ ረድፍ መሐል ሲገቡ ሕዝቡ ሊያያቸው ተጠጋ፤ ብዙዎቹ ድምፃቸውን ከሰሙ ዘመን አልፎ ነበር፤ ወጣቶቹ ጭራሽ ሰምተውት አያውቁም። ነጠላውን ከአፋቸው ላይ አወረዱት። ጸናጽሉን አንድ ጊዜ አናወጡና አነሡ።

ከዚያ ቀን በኋላ በቦታው የነበሩት ሰዎች ሁሉ ያን ሰዓት በየራሳቸው መንገድ ያወሩታል። አንዳንዱ ድምፁ ርብን ተሻግሮ ተሰማ ይላል። ውባንቺ ግን የምታስታውሰው ሌላ ነገር ነው። የእመቤታችንን ስም ከሰላምታ ጋር በሚያነሡበት ቦታ ሲደርሱ፣ ባለ "ሰ" ውን ቃል አላለፉትም፣ አልዋጡትምም፤ ይልቁንም አዝግመው፣ አስረዝመው፣ ከጥርሳቸው ጫፍ ላይ እንደ ደወል አስጮኹት። ካህናቱ ተቀበሏቸው። ከበሮው ተከተለ። ረድፎቹ ወደ ግራ ወደ ቀኝ መወዝወዝ ጀመሩ፤ ከዚያ እልልታው ከየአቅጣጫው ፈነዳ፤ አለቃ ኃይለ ሚካኤል ወፍራሙን መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉ። ወረቡ እየፈጠነ ሄደ። መሪጌታ ባምላክ በእርጅናቸው ዘለሉ፤ ላባቸው ፊታቸውን አጠበው፤ እየሳቁ፣ አፋቸውን ሙሉ ከፍተው እየሳቁ፣ ጥርሳቸውን ለፀሐይ እያሳዩ።

ጾሙ ሳይገባ ጉባኤው ተመለሰላቸው። የሚቀጥለው ሥራ ቀላል አልነበረም፤ ያን ጊዜ ከእሳቸው "ሽላሼ"ን እንደ ያዙ ጉባኤውን ለቀው የሄዱ ተማሪዎች አንዳንዶቹ ዲያቆን ሆነው በየአጥቢያው ተበትነዋል። መሪጌታ በየሰዉ እየላኩ ጠሯቸው፤ ሰውመሆንም ከነጓደኞቹ መጣ። በድንጋዩ ዙሪያ ተቀመጡ። መምህሩ የሠጉት ልጆቹ "ይህ ሁሉ ልፋት ሊደገም ነው" ብለው እንዳያዝኑ ነበር፤ ልጆቹ ግን ፊታቸው ፈክቷል።

"በሉ ስሙኝ" አሉ መሪጌታ መቋሚያቸውን አስቀምጠው፤ "ከመጀመሪያው እንጀምራለን። ፊደሉን እንደ ሰማችሁኝ አውጡት፤ አሁን እንደ ሰማችሁኝ ነው የምላችሁ፣ እንደ ድሮው አይደለም! 'ሽ' ያለ ሰው ደግሞ ነገ ከእኔ ጋር በባጃጅ ተጭኖ ወደ ዶክተር ሰርክ ይሄዳል!"

ተማሪዎቹ በሳቅ ፈረሱ። መሪጌታም አብረዋቸው ሳቁ፤ ሲበቃቸው ጉሮሯቸውን ጠረጉና የመጀመሪያውን ቃል አወጡላቸው። ሰውመሆን ቀድሞ ተቀበለ።